ከላብራቶሪ የወጣ የደም ሥር ከተተከለ በኋላ ምን ይሆናል? ለውጡን አስቀድሞ የሚያሰላው ሒሳብ ሲብራራ

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ ሁማሳይት የተባለ ኩባንያ ከሰው ሕዋሳት በላብራቶሪ ያዘጋጀው የደም ሥር ለሕክምና እንዲውል ፈቀደ። ፈቃዱ ጠባብ ነው፤ እጃቸው ወይም እግራቸው ላይ ከባድ አደጋ ደርሶባቸው የተጎዳው ደም ቅዳ በአስቸኳይ ሊተካላቸው የሚገባ፣ ከራሳቸው ገላ ግን ለምትክ የሚሆን የደም ሥር መውሰድ የማይቻልላቸውን አዋቂዎች ብቻ ይመለከታል። እንዲህ ያለው ዜና ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ግን እየሰፋ ይሄድና «የሰው አካል በፋብሪካ መመረት ጀመረ» ከሚል ድምዳሜ ይደርሳል።

በዚህ መካከል የሚዘለለው ዋናው ጉዳይ፣ የተተከለው ነገር በተተከለበት ዕለት የነበረውን ሆኖ አለመቅረቱ ነው። በሳምንታት ውስጥ ከፊሉ ይሟሟል፣ የታካሚው ሕዋሳት ይገቡበታል፣ ግድግዳው ይወፍራል ወይም ይሳሳል፣ መተላለፊያው ይጠባል ወይም ይሰፋል። አንድ ሐኪም በስድስተኛው ወር ላይ የደም ሥሩ ጠቦ ቢያገኘው፣ ያየው ነገር የውድቀት ጅማሬ ነው ወይስ የሚያልፍ ደረጃ? ለዚህ ጥያቄ በዓይን አይቶ መልስ መስጠት ስለማይቻል፣ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ገደማ የሒሳብ ሊቃውንት፣ መሐንዲሶችና ሐኪሞች አብረው የሚሠሩበት አንድ ዘርፍ ጎልብቷል። ይህ ጽሑፍ የሚያብራራው ያንን ሒሳብ ነው፤ እኩልታዎቹን በፊደልና በምልክት ሳይሆን በቃል እያስቀመጠ።

«የተሠራ ኅብረ ሕዋስ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ኅብረ ሕዋስ ማለት አንድ ዓይነት ሥራ ለመሥራት የተሰባሰቡ ሕዋሳትና በመካከላቸው ያለው ደጋፊ ቁስ አንድ ላይ ነው። ቆዳ፣ አጥንት፣ የደም ሥር ግድግዳ፣ የልብ ቫልቭ ክንፍ ሁሉም የዚህ ምሳሌ ናቸው። በሕዋሳቱ መካከል ያለው ቁስ በአብዛኛው ከቃጫ መሰል ፕሮቲኖች የተሠራ ሲሆን፣ ለደም ሥር ወሳኝ የሆኑት ሁለት ናቸው፤ ጥንካሬ የሚሰጠው ኮላጅን እና ተለጥጦ ወደ ቦታው የመመለስ ባሕርይ የሚሰጠው ኤላስቲን።

ይህን በሰው እጅ ለመሥራት የሚቻልበትን መንገድ መልክ ካስያዙት ጽሑፎች አንዱ፣ ሮበርት ላንገር እና ጆሴፍ ቫካንቲ እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተሙት ነው። የሚያስፈልጉት ነገሮች ሕዋሳት፣ ሕዋሳቱ የሚጣበቁበት ጊዜያዊ ማዕቀፍ፣ እንዲሁም ሕዋሳቱ ምን መሥራት እንዳለባቸው የሚጠቁሙ ኬሚካላዊና አካላዊ ምልክቶች ናቸው። ማዕቀፉ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ራሱ ከሚሟሟ ፖሊመር ነው። ለዚህ በብዛት ከሚውሉት አንዱ ፖሊግላይኮሊክ አሲድ ሲሆን፣ በቀዶ ሕክምና ጊዜ ሳይወጣ በራሱ ሟምቶ የሚጠፋው የስፌት ክር የሚሠራበት ቁስ ነው።

ከዚህ በኋላ መንገዱ በሁለት ይከፈላል። አንዳንዶች፣ ሁማሳይትን ጨምሮ፣ ኅብረ ሕዋሱን ለሳምንታት በማሳደጊያ ዕቃ ውስጥ ካሳደጉ በኋላ ሕዋሳቱን አጥበው በማስወገድ ቃጫውን ብቻ ያስቀራሉ። ይህም የሚደረገው የታካሚው ሰውነት የባዕድ ሕዋሳትን እንዳይዋጋ ነው። ሌሎች ደግሞ ማዕቀፉን በቀጥታ ተክለው ቀሪውን ሥራ ለታካሚው ሰውነት ይተዉለታል። በሁለቱም መንገድ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለውጡ ይቀጥላል፤ በሁለተኛው ግን እጅግ ይበረታል።

ከተተከለ በኋላ ለምን ዝም ብሎ አይቀመጥም?

መጀመሪያ፣ ማዕቀፉ ውኃ እያገኘው ሰንሰለቱ ይበጣጠሳል። የፖሊግላይኮሊክ አሲድ መረብ ጥንካሬውን የሚያጣው በሳምንታት ውስጥ ነው፤ ሌሎች ፖሊመሮች ወራት፣ አንዳንዶቹም ከዓመት በላይ ይቆያሉ። በተመሳሳይ ጊዜ የሰውነት መከላከያ ባዕድ ነገር መግባቱን ይገነዘብና ማክሮፌጅ የሚባሉ ሕዋሳት በብዛት ይደርሳሉ። እነዚህ ሕዋሳት የሚበሉና የሚያጸዱ ብቻ ሳይሆኑ፣ ሌሎች ሕዋሳት መጥተው ኮላጅን እንዲያመርቱ የሚጠሩም ናቸው። በአይጦች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች እንዳሳዩት ማክሮፌጆች ከተከለከሉ አዲሱ የደም ሥር በወጉ አይፈጠርም፤ ከልክ በላይ ከበዙ ደግሞ መተላለፊያው ይጠባል። በሌላ አነጋገር፣ እብጠት የሚባለው ይህ የሰውነት መከላከያ ምላሽ ሊያስወግዱት የሚገባ ጠላት ብቻ አይደለም፤ ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል እንጂ።

ሌላው ምክንያት ጭነቱ ነው። የደም ሥር ግድግዳ በእያንዳንዱ የልብ ምት ይወጠራል፣ በውስጡ የሚያልፈው ደምም ውስጠኛ ገጹን ይፍቃል። በግድግዳው ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ሁለቱንም ይሰማሉ፤ በሚሰማቸውም ልክ ቁስ ይጨምራሉ ወይም ይቀንሳሉ። በጤነኛ ሰው ገላ ውስጥም ቢሆን ይህ አያቋርጥም። በጤነኛ የደም ሥር ውስጥ ያለ ኮላጅን ግማሽ ዕድሜው በአማካይ ሁለት ወር አካባቢ ነው፤ ብዙ ሞዴሎች 70 ቀን ገደማ የሚል ቁጥር ይጠቀማሉ። በአንጻሩ ኤላስቲን በአብዛኛው በጽንስነትና በጨቅላነት ጊዜ ከተሠራ በኋላ በአሥርተ ዓመታት የሚለካ ዕድሜ አለው። አካል አዋቂ ከሆነ በኋላ ደህና ኤላስቲን መሥራት ስለሚያዳግተው፣ ተሠርተው የሚተከሉ የደም ሥሮች ዋነኛ ድክመት ሆኖ የቀጠለው ይኸው ነው።

ሒሳቡ የሚሠራው እንዴት ነው?

ሞዴል ሲባል እዚህ ላይ የፕላስቲክ ቅርጽ ወይም በኮምፒውተር የተሣለ ሥዕል ማለት አይደለም። የአንዳንድ ነገሮች መጠን በጊዜ ውስጥ እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚገልጹ፣ እርስ በርሳቸው የተያያዙ እኩልታዎች ስብስብ ነው። መሠረቱ ማንም ሊረዳው የሚችል ነው፤ ነገ የሚኖረው የኮላጅን መጠን፣ ዛሬ ያለው ላይ እስከ ነገ የሚመረተው ተደምሮበት፣ እስከ ነገ የሚፈርሰው ተቀንሶለት የሚገኘው ነው። በአራት ኪሎው የሳይንስ ካምፓስ ሒሳብ የሚያጠና ተማሪ ይህን አነጋገር ዲፈረንሺያል እኩልታ ብሎ ይጽፈዋል። አስቸጋሪው ነገር የምርቱ ፍጥነት ራሱ ቋሚ አለመሆኑ ነው፤ በእብጠቱ መጠን፣ በውጥረቱና በሕዋሳቱ ቁጥር ይወሰናል፣ እነዚህ ደግሞ በተራቸው በኮላጅኑ መጠን ይወሰናሉ።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይሻላል። የሚከተሉት ቁጥሮች ለማሳያ የመረጥኳቸው እንጂ የማንም ታካሚ ልኬት አይደሉም። አንድ የተተከለ የደም ሥር በመጀመሪያው ቀን 100 የሚል ጥንካሬ አለው እንበል፤ ሙሉ በሙሉ የሚገኘውም ከማዕቀፉ ነው። ማዕቀፉ በየ4 ሳምንቱ ካለው ጥንካሬ ግማሹን ያጣል። አዲሱ ኅብረ ሕዋስ ደግሞ ከዜሮ ተነሥቶ 100 ለመድረስ ይጓዛል፤ በየ8 ሳምንቱም የጎደለውን ግማሽ ይሞላል። አሁን እንደምር። በ4ኛው ሳምንት ከማዕቀፉ 50፣ ከአዲሱ 29 ገደማ፣ በድምሩ 79። በ8ኛው ሳምንት 25 እና 50፣ በድምሩ 75። በ16ኛው 6 እና 75፣ በድምሩ 81። በ24ኛው ሳምንት ወደ 89። የደም ሥሩ በመጀመሪያም በመጨረሻም ብርቱ ነው፤ በመካከል ግን ዝቅተኛ ቦታ አለ፣ ያም በትክክል በ8ኛው ሳምንት ላይ ይውላል።

አሁን አንድ ቁጥር ብቻ እንለውጥ። ታካሚው በዕድሜ የገፋ ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሆኖ አዲሱ ኅብረ ሕዋስ የጎደለውን ግማሽ ለመሙላት 8 ሳምንት ሳይሆን 16 ሳምንት ቢፈጅበትስ? ዝቅተኛው ቦታ ከ75 ወደ 53 ይወርዳል፣ የሚደርሰውም በ10ኛውና በ11ኛው ሳምንት መካከል ነው። ግድግዳው የደም ግፊቱን ለመቋቋም 60 ያስፈልገው ከነበረ፣ የመጀመሪያው ታካሚ ሳይታወቀው ያልፋል፣ የሁለተኛው ግን ይነፋል ወይም ይቀደዳል። በቀዶ ሕክምናው ዕለት የሚደረግ የጥንካሬ ፍተሻ በሁለቱ መካከል ምንም ልዩነት አያሳይም። ሞዴሉ ከሚያስፈልግባቸው ምክንያቶች የመጀመሪያው ይህ ነው፤ አደጋው የሚገኘው ማንም በማይለካበት ጊዜ ላይ ነውና።

ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ወይም ወደ ለገሃር በእግሩ የሚሄድ ሰው፣ በግንባታ ላይ ባለ ሕንፃ ወለል ሥር ጥቅጥቅ ብለው የቆሙ አጣናዎችን ሳያይ አያልፍም። ከላይ የፈሰሰው አርማታ ቀስ እያለ ጥንካሬ ያገኛል፤ መሐንዲሱም የ7 ቀንና የ28 ቀን ናሙና አስፈትሾ ድጋፉ መቼ እንደሚነሣ ይወስናል። አጣናው ቶሎ ከተነሣ ወለሉ ይሰነጠቃል። በሰውነት ውስጥ የተተከለው ማዕቀፍ የአጣናው ቦታ ነው ያለው፤ ልዩነቱ «አሁን አንሡት» የሚል ተቆጣጣሪ አለመኖሩ ነው። የሚነሣበት ጊዜ የሚወሰነው ገና በፋብሪካ ፖሊመሩ ሲመረጥ ነው። ምሳሌው የሚያበቃው ግን እዚህ ላይ ነው፤ አርማታ የተጫነበትን ክብደት ተሰምቶት ራሱን አያወፍርም፣ ኅብረ ሕዋስ ግን ያወፍራል።

ኅብረ ሕዋሱ ጭነቱን እንዴት ያውቃል?

በግድግዳ ላይ የሚያርፈው ውጥረት ለማስላት ቀላል ነው፤ ግፊቱ በመተላለፊያው ስፋት (ይኸውም ከመሐል እስከ ግድግዳ ባለው ርቀት) ተባዝቶ ለግድግዳው ውፍረት ይካፈላል። የላፕላስ ሕግ በመባል ይታወቃል። የደም ሥሩ 10 በመቶ ቢሰፋና በዚያው ልክ ግድግዳው 10 በመቶ ቢሳሳ፣ ግፊቱ ምንም ሳይጨምር ውጥረቱ 22 በመቶ ያህል ከፍ ይላል። ከፍ ያለው ውጥረት ደግሞ መልሶ ያሰፋዋል። ይህን አዙሪት የሚሰብሩት ሕዋሳቱ ናቸው፤ ውጥረቱ ከለመዱት ልክ ሲያልፍ ተጨማሪ ኮላጅን እያመረቱ ግድግዳውን ያወፍሩታል፣ ሲወርድ ደግሞ ምርቱን ይቀንሳሉ።

በውስጠኛው ገጽ ያሉት ሕዋሳት በበኩላቸው የደሙን ፍቀት ይለካሉ። ይህ ፍቀት ለስፋቱ እጅግ ስሱ ነው። የሚያልፈው ደም በአንድ ሦስተኛ ቢጨምር፣ መተላለፊያው 10 በመቶ ብቻ በመስፋቱ ፍቀቱ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ስለዚህ ትንሽ የሚመስል የስፋት ለውጥ በሕዋሳቱ ዘንድ ትልቅ ዜና ነው።

በሞዴሉ ውስጥ ይህ ሁሉ በአንድ ቁጥር ይወከላል፤ ውጥረቱ ከልኩ በዚህን ያህል ሲዛባ ምርቱ በምን ያህል ይጨምራል የሚል። ቁጥሩ ካነሰ ግድግዳው ለጭነቱ ዘግይቶ ስለሚደርስ የደም ሥሩ ይነፋል። ከበዛ ደግሞ ጠባሳ መሰል፣ ወፍራምና ደረቅ ይሆናል። በመካከል ያለው ጠባብ ክልል ነው ሰውነት በጤና የሚኖርበት።

እዚህ ላይ ሁለት የሒሳብ አካሄዶች አሉ ማለት ይቻላል። ሮድሪገስ፣ ሆገር እና መኩሎክ እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረቡት አካሄድ እያንዳንዷ የኅብረ ሕዋስ ቁራጭ ምን ያህል አደገች ብሎ መጠኗንና ቅርጿን ይከታተላል። በሒሳብ ያማረና ለመጠቀም የሚቀል ነው፤ ነገር ግን ያደገው ምኑ እንደሆነ አይናገርም። ጄይ ሐምፍሪ እና ራጃጎፓል እ.ኤ.አ. በ2002 ያቀረቡት ሁለተኛው አካሄድ ደግሞ እያንዳንዱን ቁስ ለየብቻው፣ ያውም በተሠራበት ቀን ለይቶ ይከታተላል። ለምን በቀን? ሕዋስ አዲስ የኮላጅን ቃጫ ሲያኖር አላልቶ አያኖረውም፤ በመጠኑ ወጥሮ ነው የሚያስረው፣ የሚያስረውም በዚያ ዕለት ከነበረው ግድግዳ ጋር ነው። በጥር የታሰረ ቃጫ እና በግንቦት የታሰረ ቃጫ በአንድ ግድግዳ ውስጥ ጎን ለጎን ቢኖሩም የተወጠሩበት መጠን ይለያያል። ይህን ልዩነት የማይመዘግብ ሒሳብ፣ የማዕቀፉ ድጋፍ በወደቀበት ሳምንት የትኛው ቃጫ ጭነቱን እንደሚሸከም ሊናገር አይችልም። ለእኔ እንደሚመስለኝ ለተሠሩ ኅብረ ሕዋሳት የሚስማማው ሁለተኛው ነው፤ የሚሟሟው ፖሊመር፣ የመጀመሪያው ጠባሳ መሰል ኮላጅንና ዘግይቶ የሚመጣው የበሰለ ኮላጅን እጅግ የተለያዩ ቁሶች ናቸውና።

ኦክስጅንስ?

ወፍራም ኅብረ ሕዋስ ለመሥራት ለሚያስብ ሁሉ የመጀመሪያው መሰናክል ኦክስጅን ማድረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ዴንማርካዊው ኦገስት ክሮግ፣ ኦክስጅን ከአንዲት ቀጭን የደም ሥር ተነሥቶ በዙሪያዋ ባለ ጡንቻ ውስጥ እስከ ምን ርቀት እንደሚደርስ የሚያሳይ ሞዴል ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1919 ነበር። ሕዋሳት ከቅርብ የደም ምንጫቸው ከ100 እስከ 200 ማይክሮሜትር፣ ማለትም ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አምስተኛ ከማይበልጥ ርቀት በላይ ከራቁ ይታፈናሉ። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ኦክስጅኑ በስርጭት ብቻ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናል። ቆዳ፣ የሽንት ፊኛ ግድግዳና የደም ሥር ቀድመው የተሞከሩት፣ ጉበትና ልብ ደግሞ ወደ ኋላ የቀሩት በአብዛኛው ስስ በመሆንና ባለመሆን ነው።

ትንበያው ትክክል ሆኖ ያውቃል?

አዎን፣ ከሁሉ የሚያስተምረውም ሞዴሉ ከሐኪሞቹ ግምት በተቃራኒ የተናገረበት ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 ቶሺሃሩ ሺንኦካ የተባሉት ጃፓናዊ የልብ ቀዶ ሐኪም፣ ወደ ሳንባ የሚሄደው የደም ሥሯ ለተዘጋ የ4 ዓመት ልጅ የሚሟሟ ማዕቀፍ ላይ የራሷን ሕዋሳት ዘርተው ተከሉላት። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ታተመ፤ በጃፓን ሌሎች ታካሚዎችም ተከተሉ። ሥራው ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በክሪስቶፈር ብሩየር መሪነት በሕፃናት ላይ መሞከር ጀመረ። ታካሚዎቹ ደም የሚረጭ አንድ የልብ ክፍል ብቻ ይዘው የተወለዱ ናቸው። ለእነርሱ ከታችኛው የሰውነት ክፍል የሚመለሰው ደም ልብን ሳይነካ በቀጥታ ወደ ሳንባ እንዲሄድ አንድ ቱቦ ይቀጠልላቸዋል። ከተራ ፕላስቲክ የተሠራ ቱቦ ከልጁ ጋር አያድግም፤ ሕያው ቱቦ ግን ሊያድግ ይችላል የሚል ተስፋ ነበር።

ይሁን እንጂ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ውስጥ ቱቦዎቹ መጥበብ ጀመሩ። ሐኪሞቹ በደም ሥር ውስጥ በሚገባ ፊኛ አስፍተው አከሟቸው፣ ሕክምናውም ተሳካ። ጥያቄው ግን ቀረ፤ ከሕፃናቱ አብዛኞቹ የሚገጥማቸው ችግር ከሆነ ሐሳቡ ራሱ ይተው ወይ?

የብሩየር ቡድን ከሐምፍሪ ጋር ሆኖ ሞዴሉን አስኬደ። ኮምፒውተሩ የመጀመሪያውን መጥበብ በታካሚዎቹ ላይ እንደታየው አድርጎ አወጣው። ከዚያ ግን ማንም ያልጠበቀውን ተናገረ፤ ፊኛ ሳይገባ ቢጠበቅ ኖሮ ብዙዎቹ በራሳቸው ይሰፉ ነበር። ምክንያቱም ከላይ ካየነው ሒሳብ የሚወጣ ነው። ማዕቀፉ እየሟሟ ሳለ እብጠቱ ይበረታል፣ እብጠቱም ቁስ ከልክ በላይ ያስመርታል፤ መተላለፊያውም ይጠባል። ማዕቀፉ ሟምቶ ሲያልቅ ግን ማክሮፌጆቹን የሚጠራ ነገር አይኖርም። እብጠቱ የሠራው ቁስ እያረጀ ይፈርሳል፤ እስከዚያ ድረስ ማዕቀፉ ጭነቱን ስለሚሸከምላቸው ውጥረት ያልተሰማቸው ሕዋሳትም አሁን ይሰማቸዋል፣ ምርታቸውንም በጭነቱ ልክ ያደርጋሉ።

ይህ ትንበያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙም ባልተጻፈለት። ተመራማሪዎቹ ቱቦውን በበጎች ላይ ተክለው ጠበቁ፤ ጠበበ፣ ከዚያም ያለ ፊኛ ሰፋ። በጎቹም በአብዛኛው ችግር ሳይደርስባቸው ተቋቋሙት። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ድምዳሜው በጥንቃቄ የተነገረ ነው፤ ምልክት ለማያሳይ ታካሚ በቅርብ ክትትል መጠበቅ ይቻላል የሚል እንጂ ማንኛውም መጥበብ ይተው የሚል አይደለም። ሞዴሉ በተጨማሪም የመጀመሪያውን እብጠት የሚያለዝብ ማዕቀፍ ቢሠራ መጥበቡ ራሱ እንደሚቀንስ አመልክቷል። እንዲህ ያለውን ለውጥ ሁሉ በበግ ላይ መሞከር ቢያስፈልግ ዓመታት ይፈጃል፤ በኮምፒውተር ግን እያንዳንዱን አማራጭ ማስኬድ ይቻላል፣ ወደ በጎቹ የሚሄዱትም የተሻሉት ጥቂቶች ይሆናሉ።

ሁለተኛው ምሳሌ የልብ ቫልቭ ነው። ቀደምት የተሠሩ ቫልቮች የሚከፈቱትና የሚዘጉት ክንፎቻቸው ከጊዜ በኋላ እያጠሩ ደም ወደ ኋላ ያስመልጡ ነበር። ሕዋሳት የተጣበቁበትን ቃጫ ወደ ራሳቸው የመሳብ ባሕርይ ስላላቸው፣ ሲዘጋ በቂ ጭነት የማያርፍበት ክንፍ በስበቱ ይሰበሰባል። በዙሪክና በአይንድሆቨን የሚሠሩ ተመራማሪዎች ይህን በሞዴል ካሰሉ በኋላ የክንፎቹን ቅርጽ ለወጡ፤ በሚዘጉበት ጊዜ የሚያርፍባቸው ውጥረት የሕዋሳቱን ስበት እንዲመጥን አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት በበጎች ላይ ከተተከሉት 11 ቫልቮች 9ኙ ከአንድ ዓመት በኋላ በደህና ይሠሩ ነበር።

ቁጥሮቹ ከየት ይመጣሉ? ምን ያህልስ እንመናቸው?

ግማሽ ዕድሜው፣ የምርቱ ፍጥነት፣ ሕዋሳቱ ለውጥረት ያላቸው ስሜት፣ እያንዳንዱ ቁጥር ከሆነ ቦታ መምጣት አለበት። አንዳንዱ በላብራቶሪ ፖሊመሩን በሞቀ ጨዋማ ውኃ ውስጥ አስቀምጦ በየሳምንቱ በመጎተት ይገኛል። አንዳንዱ ከአይጥ በተለያየ ጊዜ ከተወሰደ ናሙና፣ አንዳንዱ ደግሞ ከታካሚው የአልትራሳውንድና የኤምአርአይ ምስል። በቀጥታ ሊለኩ የማይችሉም አሉ፤ እነርሱን ተመራማሪው ሞዴሉ ከታየው ልኬት ጋር እስኪገጥም ድረስ እያስተካከለ ያገኛቸዋል።

አንባቢ ሊጠነቀቅ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ብዙ የሚስተካከሉ ቁጥሮች ያሉት ሞዴል ካለፈው መረጃ ጋር ቢገጥም የሚያስደንቅ ነገር የለውም፤ ማንኛውንም ኩርባ ማስገጠም ይቻላልና። ትልቁ ቁም ነገር ቁጥሮቹ ከተያዙ በኋላ፣ ባላየው እንስሳ ወይም ባላየው ወቅት ላይ የሚሆነውን አስቀድሞ መናገሩ ነው። የበጎቹ ታሪክ ክብደት ያገኘው ትንበያው ከሙከራው በፊት ስለተነገረ ነው። በዜና ላይ «ሞዴሉ 95 በመቶ ትክክል ነው» የሚል ነገር ሲገኝ፣ በየትኛው መረጃ ላይ እንደተለካ ካልተጻፈ ቁጥሩ ትርጉም የለውም።

በቁም ነገር የሚሠሩ ሰዎች አንድ መልስ አይሰጡም። ሰዎች ስለሚለያዩ እያንዳንዱን ቁጥር በሚታመንበት ክልል ውስጥ እየለዋወጡ ሞዴሉን ብዙ ሺህ ጊዜ ያስኬዱታል፤ የሚወጣውም አንድ መሥመር ሳይሆን ሰፊ ቀበቶ ነው። በእኛ ምሳሌ አዲሱ ኅብረ ሕዋስ ግማሹን የሚሞላበት ጊዜ ከ8 እስከ 16 ሳምንት ሊሆን ይችላል ብለን ብንነሣ፣ ዝቅተኛው ጥንካሬ ከ53 እስከ 75 ይሆናል፤ የሚያስፈልገው 60 ስለሆነም «ደህና ነው» ማለት አይቻልም። ይህ የሚያሳየው በማዕቀፉ ላይ ከመድከም በፊት መለካት ያለበት ያ አንዱ ቁጥር መሆኑን ነው።

ሞዴሎች ገና በደንብ የማያሳዩት ነገርም ብዙ ነው። የደም መርጋት፣ የተሐዋስያን መመረዝ፣ ቱቦው ከታካሚው የደም ሥር ጋር የተሰፋበት መገጣጠሚያ ላይ የሚደርሰው መላላት በአብዛኛው ከሒሳቡ ውጭ ናቸው። በ2024 የተፈቀደው የደም ሥርም ቢሆን፣ ሊቀደድ ወይም በመገጣጠሚያው ላይ ሊከሽፍ እንደሚችል የሚያሳስብ ማስጠንቀቂያ አብሮት ተጽፏል።

ይህ ለጥቁር አንበሳ ደጃፍ ምኑ ነው?

በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የሚገኘው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ወረፋ የሚጠብቁ ልጆች በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ከፊሎቹ ልባቸው ተዛብቶ የተወለዱ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ደግሞ በጉሮሮ ሕመም ተጀምሮ የልብ ቫልቭን በሚያበላሸው የሩማቲክ የልብ ሕመም የተጎዱ ናቸው። ለአንድ የ7 ዓመት ልጅ የብረት ቫልቭ ሲተከልለት፣ ቫልቩ ባለበት ይቀራል፣ ልጁ ያድጋል፤ በዚያ ላይ ደም እንዳይረጋ ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን መውሰድና በየጊዜው ደሙን መመርመር ይኖርበታል። ከክፍለ ሀገር ለሚመጣ ቤተሰብ ይህ ምርመራ ራሱ ቀላል አይደለም። ከልጁ ጋር የሚያድግ ሕያው ቫልቭ ቢገኝ ጥቅሙ ከየትኛውም አገር በላይ እንደዚህ ባለ ቦታ ይታያል።

ይሁንና እንዲህ ያለ ቫልቭ ዛሬ በየትኛውም አገር የተለመደ ሕክምና አይደለም። ለሩማቲክ የልብ ሕመም አሁን በእጅ ያለው ብርቱ መሣሪያ የጉሮሮ ሕመምን በጊዜ በፔኒሲሊን ማከምና ሕመሙ አንድ ጊዜ ለያዘው ልጅ መርፌውን ሳያቋርጡ መስጠት ነው፤ ይህን ምንም ሞዴል አይተካውም። ወላጆች «በላብራቶሪ የተሠራ ልብ እስኪመጣ እንጠብቅ» ብለው ቀጠሮ ቢያሳልፉ ጉዳቱ የልጁ ነው።

ለልጅ የሚሠራው ሒሳብ ደግሞ ለአዋቂ ከሚሠራው ይከብዳል። የአዋቂ ሰው የደም ሥር ለውጥረትና ለፍቀት የለመደው ልክ ቋሚ ነው ብሎ መነሣት ይቻላል። የልጅ ግን የደም ግፊቱም፣ የደሙ መጠንም፣ የደም ሥሩ ርዝመትም በየዓመቱ ይጨምራል፤ ስለዚህ ሞዴሉ ሕዋሳቱ ወደሚፈልጉት ልክ ሲመለሱ እያሰላ፣ ልኩ ራሱ ሲጓዝም መከተል አለበት። የሚሟሟ ማዕቀፍ ከተተከለላቸው የመጀመሪያዎቹ ልጆች ጀምሮ የተቆጠረው ጊዜ ከሃያ ዓመት ብዙም ያልራቀ ሲሆን፣ የሰው ኤላስቲን ዕድሜ የሚለካው በአሥርተ ዓመታት ነው። በመሆኑም የአርባኛውና የሃምሳኛው ዓመት ትንበያ የሚመዘንበት መረጃ ገና የለም፤ እስከዚያው እነዚያ ታካሚዎች በየጊዜው በምስል እየታዩ፣ አዲሱ ልኬታቸው ወደ ሞዴሉ እየገባ ቁጥሮቹ እንደገና ይሰላሉ።